ሄልሃመር፦ ስለ ሁለት ዓመቱ የስዊዘርላንድ ሜታል ባንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዚህን ባንድ ስም ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሄልሃመር ምን ዓይነት ባንድ ነው?

ከ1982 እስከ 1984 የቆየ የስዊዘርላንድ ሄቪ ሜታል ባንድ ነው። ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዴሞ ቀዳ፣ አራት ዘፈን የያዘ አንድ ሸክላ አወጣ፣ ሁለት ዘፈን ደግሞ ለአንድ የጋራ አልበም ሰጠ። ከዚያ ፈረሰ።

በዘመኑ የሰሙት ብዙዎቹ ሳቁበት። አባላቱ ራሳቸው አፍረውበት ነበር። ዛሬ ግን ብላክ ሜታል ወይም ዴዝ ሜታል፣ ማለትም ጨለማና ሻካራ የሆኑትን የሜታል ዘርፎች፣ የሚጫወት ባንድ ሰባት ቤቱን ሲቆጥር ሄልሃመር ላይ መድረሱ አይቀርም።

ዴሞ ስትል ምን ማለትህ ነው?

ባንዶች ራሳቸውን ለማስተዋወቅ በርካሽ ቀድተው በካሴት የሚበትኑት ሥራ ነው። ለአሳታሚ ኩባንያ ይላካል፣ ለመጽሔት ይላካል፣ ለጓደኛ ይሰጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት የለም። ሬዲዮ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ አያጫውትም። ስለዚህ ልጆቹ ካሴት ገልብጠው በፖስታ ይለዋወጡ ነበር። አንዱ ከዙሪክ ይልካል፣ ሌላው ከኦስሎ ወይም ከሳኦ ፓውሎ ይቀበላል፣ ተቀባዩም ለሦስት ሰው ይገለብጣል። የሄልሃመር ስም ከመንደሩ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

የዙሪክ ልጆች ናቸው?

እንደዚያ ይባላል፤ ግን የከተማ ልጆች አይደሉም። ባንዱ የተነሳው ኑረንስዶርፍ ከሚባል መንደር ነው። ከዙሪክ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ልምምዳቸው ደግሞ እዚያው፣ ቢርሽቪል በሚባለው ሰፈር፣ በሲቪል መከላከያ ምሽግ ውስጥ ነበር።

ምሽግ ሲባል አትደንግጡ። ስዊዘርላንድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለነዋሪዋ ሁሉ ከኒውክሌር ጦርነት መጠለያ እንዲዘጋጅ በሕግ ያስገደደች አገር ናት። ስለዚህ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያለው፣ መስኮት የሌለው ክፍል በየመንደሩ አለ። ጦርነቱ ቀረ፤ ጊታር የያዙ ልጆች መጡበት። የፈለጉትን ያህል ቢጮሁ ጎረቤት አይቆጣም። ደግሞ ልብ በሉ፦ ቀኑን ሙሉ የዓለም መጨረሻ ሲመጣ መደበቂያ ተብሎ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ወጣት ስለ አበባ አይዘፍንም።

የአካባቢውን ስሜት ለማወቅ ሌላም ነገር አለ። በ1980 ዙሪክ ውስጥ ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ነበር። ከተማው ለኦፔራ ቤት እድሳት 60 ሚሊዮን ፍራንክ ሲያወጣ ለወጣቶች የራሳቸው ማዕከል ከልክሏል ብለው ነው የተነሱት። የሄልሃመር ልጆች የዚያ ሰልፍ ሰዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ሀብታምና ጸጥተኛ በምትባለው አገር ውስጥ የታመቀ ንዴት እንደነበረ ያሳያል። በሙዚቃው በኩል ደግሞ አገሪቱ ለዓለም ያቀረበችው ትልቁ ስም ክሮከስ ነበር። እሱም የለየለት ሃርድ ሮክ ነው፤ ለነዚህ ልጆች በጣም ንጹሕ።

አባላቱ እነማን ነበሩ?

ዋናው ሰው ቶም ጋብርኤል ፊሸር ነው። ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ሐሳቡንም ያመነጫል። ባንዱን በሜይ 1982 ሲጀምር ገና 19 ዓመት አልሞላውም። የመጀመሪያው ስማቸው ሃመርሄድ ነበር። ቤዙን ብዙም ሳይቆይ ስቲቭ ዎሪየር ያዘ። ድራም መጀመሪያ ፒት ስትራተን፣ በኋላ ብሩስ ዴይ።

በ1983 መጨረሻ አካባቢ ስቲቭ ወጣና ማርቲን ኤሪክ ኤይን ተተካ። ስኪዞ ከሚባል የሰፈር ባንድ ነው የመጣው። ዕድሜው 16። እኔን ከጠየቃችሁኝ የባንዱ ታሪክ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው። ከኤይን በፊት የእንግሊዙን ባንድ ቬኖምን ለመምሰል የሚታገሉ ልጆች ነበሩ። ከኤይን በኋላ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያስቡበት ባንድ ሆነ። ልጁ ቤዝ ከመጫወቱ ይልቅ የሚያነበውና የሚከራከረው ይበልጥ ጠቅሟል።

ቶም ዎሪየርና ስቲቭ ዎሪየር ወንድማማቾች ናቸው?

አይደሉም። ቶም ዎሪየር ያው ቶም ፊሸር ነው፤ ስሙ የመድረክ ስም ነው። ሬቨን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ውስጥ ጋላገር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ፤ እነሱን አይተው ነው "ዎሪየር" የተባባሉት። ዎሪየር ጦረኛ ማለት ነው።

በዚህም አላበቁም። ፊሸር "ሰይጣኒክ ስሎተር"፣ ብሩስ ዴይ "ዲናያል ፊንድ"፣ ኤይን ደግሞ "ስሌይድ ኔክሮስ" የሚል ተጨማሪ ስም ነበራቸው። አዎ፣ ያስቃል። እነሱም ዛሬ ቢጠየቁ የሚስቁ ይመስለኛል። በ16 እና በ20 ዓመት ስም የምታወጡት ለጎረምሳ ጓደኞቻችሁ ነው እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ አይደለም።

ሙዚቃው ምን ይመስላል?

ሻካራ፣ ወፍራም፣ ቆሻሻ። ቆሻሻ ያልኩት ለስድብ አይደለም፤ ጊታሩ በጭቃ ውስጥ የሚጎተት ነው የሚመስለው። ሪፉ፣ ማለትም ጊታሩ እየደጋገመ የሚመታት አጭር ሐረግ፣ ሁለት ሦስት ኖታ ብቻ ይይዛል። አንዳንዱ ዘፈን በጥድፊያ ያልፋል፣ ሌላው ሬሳ እንደተሸከመ ሰው ያዘግማል። በላዩ ላይ ፊሸር ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ "ኡህ!" ይላል። ያቺ "ኡህ" በኋላ የሰውየው ማኅተም ሆናለች፤ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ድምፃዊ እንደቀዳት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ምንጩን ከጠየቃችሁ አራት ስሞች ይበቃሉ። ብላክ ሳባዝ ለክብደቱ። ሞተርሄድ ለፍጥነቱ። ቬኖም፣ የኒውካስሎቹ፣ ለጨለማ ምስሉና ለግድየለሽነቱ። አራተኛው ዲስቻርጅ ነው። ይህ የሜታል ሳይሆን የፓንክ ባንድ ነው፤ ሰዎች የሚረሱት እሱን ነው። ፊሸር ግን ስለ ዲስቻርጅ ተናግሮ አይጠግብም። የሄልሃመር ፈጣን ዘፈኖች ውስጥ ድራሙን ብቻ ነጥላችሁ ብትሰሙ ፓንክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስንት ሥራ ነው ያወጡት?

በጁን 1983 በአንድ ሰሞን የቀዷቸው ዘፈኖች ሁለት ዴሞ ወጣቸው፦ "ዴዝ ፊንድ" እና "ትራያምፍ ኦፍ ዴዝ"። በዲሴምበር 1983 ሦስተኛው፣ "ሰይጣኒክ ራይትስ"፣ ተቀዳ። ካሴቶቹን ፕራውሊንግ ዴዝ ሬከርድስ በሚል በራሳቸው ባወጡት ስም ነበር የሚያሰራጩት።

ከዚያ የበርሊኑ ኖይዝ ሬከርድስ ፈረመላቸው። በማርች 1984 በርሊን ሄደው "አፖካሊፕቲክ ሬይድስ" የተባለውን ባለ አራት ዘፈን ሸክላ ቀዱ። በዚያው ዓመት ኖይዝ "ዴዝ ሜታል" የሚል የጋራ አልበም አሳተመ። በእሱ ላይ ከሄልሃመር ሁለት ዘፈን አለ፦ "ሬቨሌሽንስ ኦፍ ዱም" እና "መሳያ"። አብረዋቸው ያሉት እነ ሃሎዊን እና ረኒንግ ዋይልድ ናቸው። ዜማ የሚያበዛውን ሃሎዊንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ጎን ለጎን የማይቀመጡ ሁለት ባንዶች ናቸው።

ኖይዝ እንዴት ደፈረ ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ። የኩባንያው መሥራች ካርል ኡልሪሽ ቫልተርባክ ከዚያ በፊት የፓንክ ሙዚቃ አሳታሚ ነበር። ጆሮው ሻካራ ድምፅ ለምዷል። ሌላው "መጫወት አይችሉም" ያለበትን ቦታ እሱ አልፎ የሰማ ይመስለኛል።

ከየቱ ልጀምር?

"አፖካሊፕቲክ ሬይድስ" ያስጀምራችሁ፤ በስቱዲዮ ስለተቀዳ ጆሮ አይጎረብጥም። የ1990 እትሙ ከጋራ አልበሙ ላይ የነበሩትን ሁለት ዘፈኖችም ጨምሯል። ከተመቻችሁ "ሰይጣኒክ ራይትስ" ይቀጥል። በእኔ አስተያየት የባንዱ ምርጥ ሥራ እሱ ነው፤ ሸክላው ላይ የጠፋ አንድ ዓይነት ድፍረት አለው። የጁን 1983ቹን ለመጨረሻ አቆዩዋቸው። በእነሱ የጀመረ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

ኮንሰርታቸው በቪዲዮ ይገኛል?

አይገኝም፣ ምክንያቱም ኮንሰርት አላቀረቡም። ሄልሃመር አንድም ጊዜ በሕዝብ ፊት አልተጫወተም። "ሄልሃመር በመድረክ" የሚል ቪዲዮ ካያችሁ ወይ በኋላ የመጣ ባንድ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ምስል ላይ ድምፅ የተለጠፈበት ነው።

መጫወት አይችሉም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መጀመሪያ ላይ፣ አዎ። የጁን 1983ቱን ቅጂ ስትሰሙ ድራሙና ጊታሩ ተጠፋፍተው ሲፈላለጉ ይሰማል። ይህን የሚሉት ጠላቶቻቸው ብቻ አይደሉም። ፊሸርና ብሩስ ዴይ ራሳቸው በቅጂው ጥራት ክፉኛ አፍረው ነበር። አፍረውም ግን ላኩት፤ ምርጫ አልነበራቸውም። እኔም ብሆን መጀመሪያ ስሰማው ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና አውርጄዋለሁ። ያው ነው።

የመጽሔቶቹ ምላሽ ርኅራኄ አልነበረውም። ሮክ ፓወር የተባለው መጽሔት ሙዚቀኛ ነን ከሚሉ ሰዎች ከተቀዳው ሁሉ እጅግ አስቀያሚው ነገር ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። የእንግሊዙ ሜታል ፎርስስ ደግሞ ዓይንህን ለአፈር አላቸው። ከዚህ መጽሔት ጋር የተጀመረው ጠብ ባንዱ ከፈረሰ በኋላም ለዓመታት ተከትሏቸዋል። በዚያ ዘመን ሁለት ሦስት መጽሔት የሜታልን ገበያ ይመራ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፍርድ ማለት በር መዘጋት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎኑ። መጫወት የማይችል ሰው የሚችለውን ብቻ ይጫወታል። ፈጣን ሶሎ አይችሉም፤ ስለዚህ ሪፉን አራቆቱት። ውስብስብ ምት አይችሉም፤ ስለዚህ አዘገዩት። "ትራያምፍ ኦፍ ዴዝ" የተባለው ዘፈን ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይረዝማል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚከሰተው ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ኖታ ይመታል፣ ይንጠለጠላል፣ ፊሸር ከሥሩ እንደሚሰምጥ ሰው ይጮኻል። የሠለጠነ ሙዚቀኛ ያን ያህል ባዶ ቦታ አይተውም፤ እጁ ይበላዋል። እነሱ ተዉት። በኋላ የመጡት የዱም (የዘገምተኛው ሜታል) እና የብላክ ሜታል ልጆች፣ መጫወት እየቻሉም ጭምር፣ የቀዱት ያንን ባዶነት ነው። "ትራያምፍ ኦፍ ዴዝን" በጨለማ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሳታቋርጡ ሞክሩትና ከዚያ እንከራከር።

ሰይጣን አምላኪዎች ነበሩ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይመጣል። አጭሩ መልስ፦ አልነበሩም። የሚያመልኩት ነገር፣ የሚከተሉት ማኅበር ወይም ሥርዓት አልነበራቸውም። ምስሉን ያገኙት በዋናነት ከቬኖም ነው፤ ቬኖምም ቢሆን ሰይጣንን የወሰደው ሰው ለማስደንገጥና ሸክላ ለመሸጥ ነው።

ግን ንጹሐን ናቸው ብዬም አላሞኛችሁም። ዴሞውን "ሰይጣኒክ ራይትስ"፣ ማለትም "የሰይጣን ሥርዓቶች"፣ ብሎ የሰየመ ሰው ማንን ለማስቆጣት እንደፈለገ ግልጽ ነው። ካህኑን፣ አስተማሪውን፣ ጎረቤቱን። ግጥሞቹን በጥንቃቄ ስታነቡ ደግሞ ከሰይጣን ይልቅ ሞት ነው የሚበዛው። መቃብር፣ መበስበስ፣ የሚነሱ ሙታን፣ ጦርነት። መፈክራቸውም "እውነቱ ሞት ብቻ ነው" የሚል ነበር። ፊሸር በ2010 ከኤይን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አስቸጋሪ ልጅነት እንዳሳለፈ በግልጽ ጽፏል፤ ቤቱ የፈረሰ፣ በመንደሩ ልጆች የተገፋ ነበር። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ግጥሞቹን የምሰማቸው እንደ ሃይማኖት ሳይሆን እንደ ቂም ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር ላጥራ። ኖርዌይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉት ከ1992 ጀምሮ ነው። ያኔ ሄልሃመር ከፈረሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አገሩም ሌላ፣ ሰዎቹም ሌሎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሄልሃመር አድናቂዎች ነበሩ፣ እውነት ነው። አድናቂው ላደረገው ግን ባንዱ አይከሰስም።

ሸክላ አውጥተው ሳለ ለምን ፈረሱ?

ሸክላው ስለወጣ ነው የፈረሱት ቢባል ይቀላል። በርሊን ስቱዲዮ ገብተው ራሳቸውን በደንብ ሰሙ። ፊሸርና ኤይን በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ሙዚቃና ባንዱ የሚያወጣው ድምፅ እንደማይገናኙ ገባቸው። የሴት ድምፅ፣ የኦርኬስትራ መሣሪያ፣ የታሪክና የአፈ ታሪክ ግጥም አምሯቸዋል። በሌላ በኩል ስሙ ተበላሽቷል። ሄልሃመር ሲባል መጽሔቶቹ ሳይሰሙ ይስቃሉ።

ከሜይ 31 ወደ ጁን 1 ቀን 1984 በሚያነጋው ሌሊት ሁለቱ ተቀምጠው ባንዱን ቀበሩት። በዚያው ሌሊት አዲሱን ባንድ ሴልቲክ ፍሮስትን ወለዱ። ወደፊት ምን ምን እንደሚቀዱ በዝርዝር አቅደው ለኖይዝም አስታወቁ። ዋስትናቸው የተሳቀበት አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ እቅድ ግን አላሳፈራቸውም። ኩባንያው መቀበሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ብሩስ ዴይ አዲሱ ባንድ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ ሴልቲክ ፍሮስት ያው ሄልሃመር ስሙን ቀይሮ አይደለም?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ለመባሉም ምክንያት አለው። ሁለቱ ሰዎች ያው ናቸው። ኩባንያው ያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ወራት ብቻ ነው፤ የሴልቲክ ፍሮስት የመጀመሪያ ሥራ "ሞርቢድ ቴልስ" በዚያው በ1984 መጨረሻ ወጣ።

ግን ሁለቱን ሥራዎች ተከታትላችሁ ስሙ። "ሞርቢድ ቴልስ" ላይ ድራሙን ስቲቨን ፕሪስትሊ ይመታል፣ ምቱ ቆንጥጦ ይይዛል። ሪፎቹ ከሄልሃመር ቤት ናቸው፣ አሁን ግን ጠርዝ አላቸው። በ1985 "ቱ ሜጋ ቴሪዮን" ሲመጣ ልዩነቱ ለማንም ይታያል፤ የፈረንሳይ ቀንድ ገብቶበታል፣ የሽፋኑ ሥዕል የስዊዙ ሠዓሊ ኤች አር ጊገር ነው። በ1987 ደግሞ "ኢንቱ ዘ ፓንዴሞኒየም" ላይ ጭራሽ የማይገመቱ ሆኑ። ከዚያ 1988 መጣ፣ ፀጉር ተነፋ፣ "ኮልድ ሌክ" ወጣ። ኤይን በዚያ አልበም የለበትም፤ ስለ አልበሙ እዚህ ባላወራ ይሻለኛል።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ ሥሩ አንድ ነው፣ ባንዱ ግን ሁለት ነው። ፊሸር ራሱ ለብዙ ዓመታት የሄልሃመርን ስም እንደ እዳ ነበር የሚያየው። ሴልቲክ ፍሮስት ጥሩ ሥራ ባወጣ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ "እነዚያ መጫወት የማይችሉት አይደሉ እንዴ" ይላል። እንዲህ የሚከታተልን ስም ማንም አይወድም።

ብላክ ሜታልን የፈጠሩት እነሱ ናቸው?

ስሙን የሰጠው ቬኖም ነው፤ በ1982 "ብላክ ሜታል" የሚል አልበም አውጥቷል። ድምፁን ደግሞ ስዊድናዊው ባቶሪ የራሱ ያደርገዋል፤ የመጀመሪያ አልበሙ በ1984 ወጣ። ሄልሃመር በእነዚህ መካከል ነው። ሦስቱም ባይኖሩ የ1990ዎቹ የኖርዌይ ሙዚቃ እንደምናውቀው አይሆንም ነበር።

"የመጀመሪያው ማን ነው" የሚለው ክርክር ግን ሰልችቶኛል። ይልቅ ማን ምን እንደሰጠ ብትጠይቁ ይጠቅማል። የሄልሃመር ድርሻ ከባቢው ነው፤ ያ የበሰበሰ፣ የታፈነ፣ ከመሬት በታች የሚመጣ ስሜት። ውርሱ በብላክ ሜታል ብቻ አልቆመም። "መሳያ" የተባለውን ዘፈን ብራዚላዊው ሴፐልቱራ በ2002፣ እንግሊዛዊው ናፓልም ዴዝ ደግሞ በ2004 እንደገና ተጫውተውታል። ሁለቱም ብላክ ሜታል አይደሉም።

የኖርዌዩ ብላክ ሜታል ባንድ የሜይሄም ድራመር ሄልሃመር ይባላል። የዚህ ባንድ አባል ነበር?

አልነበረም። ያ ሰው ኖርዌጂያዊው ያን አክሰል ብሎምበርግ ነው፤ ሜይሄምን የተቀላቀለው በ1988 ነው። ስሙን የወሰደው ባንዱን ስለሚወድ ነው። የሜይሄም ጊታሪስት ዩሮኒመስም እንዲሁ፤ የመድረክ ስሙ "ሰይጣኒክ ራይትስ" ዴሞ ላይ ካለው "ዩሪኖሞስ" ከሚል ዘፈን የመጣ ነው። አንድ ባንድ ውስጥ ሁለት ሰው ስሙን ያገኘው ዓለም ከሳቀበት ባንድ ነው።

ሲፈለግ ግን ይህ ያስቸግራል። ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ከፈለጋችሁ ግማሹ ውጤት ስለ ድራመሩ ነው። "ሄልሃመር ስዊዘርላንድ" ብላችሁ ፈልጉ።

"ትራያምፍ ኦፍ ዴዝ" ዘፈን ነው፣ ዴሞ ነው ወይስ ባንድ?

ሦስቱንም ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚደናገረው። መጀመሪያ ዘፈኑ ነበር። ከዚያ የ1983ቱ ዴሞ በእሱ ተሰየመ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ፊሸር በዚህ ስም ባንድ አቋቋመ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የሄልሃመርን ዘፈኖች በመድረክ መጫወት። ከ2019 ጀምሮ በየፌስቲቫሉ ታይቷል፣ በ2023 ከመድረክ የተቀዳ አልበም አውጥቷል። ስለዚህ እነዚህን ዘፈኖች ሕዝብ በአካል የሰማቸው ከተሠሩ ከ35 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሄልሃመር ራሱ ተመልሶ ሊቋቋም ይችላል?

አይሆንም። ፊሸር ደጋግሞ ተናግሯል፤ ትራያምፍ ኦፍ ዴዝ መታሰቢያ እንጂ የተመለሰ ሄልሃመር አይደለም። ማርቲን ኤሪክ ኤይን በኦክቶበር 2017 በልብ ድካም ሞቷል። 50 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለቱ ሴልቲክ ፍሮስትን አንሥተው በ2006 "ሞኖቲይስት" የተባለውን አልበም አውጥተው ነበር፤ ባንዱ በ2008 ፈርሶ ፊሸር ወደ አዲሱ ባንዱ ትሪፕቲኮን ሄደ። "ሞኖቲይስትን" ስሙት። ዘገምተኛ ክፍሎቹ ውስጥ የቢርሽቪል ምሽግ አለ።

"ኦሪጅናል" የተባለ የዴሞ ካሴት ሲሸጥ አየሁ። ልመን?

ጠርጥሩ። ካሴቶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተባዙት እየተገለበጡ ነው፤ ግልባጩም ይገለበጣል፣ ሽፋኑም በፎቶ ኮፒ ነው። የድሮ ካሴት ላይ የድሮ ዴሞ ገልብጦ ሽፋን መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሻጩ ከማን እንዳገኘው በትክክል ካልነገራችሁ እለፉት።

ሙዚቃው ከሆነ የፈለጋችሁት በ2008 "ዲመን ኢንትሬይልስ" በሚል ስብስብ ሦስቱም ዴሞዎች ታትመዋል። ቅጂውን እንደገና ያዘጋጁት ፊሸር፣ ኤይንና ስቲቭ ዎሪየር ናቸው። ድምፁ ከማንኛውም ግልባጭ ይሻላል፤ ድራሙና ጊታሩ ሲፈላለጉም ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።